ስለ መርከብ ሰም

በቅኔ ቤት ሥርዐት ወርቁ ከሰሙ አስቀድሞ አይመዘንም። ተማሪው ሲቈጥር ውሎ ያመጣውን ጉባኤ ቃና በመምህሩ ፊት በነገረ ጊዜ፥ መምህሩ መጀመሪያ የሚመረምረው የምሥጢሩን ከፍታ አይደለም፤ ሰሙ በራሱ እግር መቆሙን ነው እንጂ። ቅኔው በእርሻ የተመሰለ እንደ ሆነ ሞፈሩና ቀንበሩ በየቦታቸው መዋላቸውን፥ በሽመና የተመሰለ እንደ ሆነ ድሩና ማጉ አለመለዋወጣቸውን ያያል። ዕርፉን በበሬው ጫንቃ ላይ ያዋለ ተማሪ ምሥጢሩ የኪሩቤል ቢሆን እንኳ በጉባኤው ይሣቅበታል። የሚሥቁትም ጓደኞቹ ሁሉ የገበሬ ልጆች ናቸውና ነው።

ከዚህ ምርመራ የሚያመልጥ አንድ ሰም አለ፤ እርሱም መርከብ ነው።

አበርገሌ በዋግ ቆላ፥ በተከዜ ዳር ያለ አገር ነው። ከሰቆጣ ወደዚያ የሚወርድ መንገደኛ የሚያየው የፍየል መንጋ፥ የማሽላ እርሻ፥ ደረቅ ገደልና ቍጥቋጦ ነው። ባሕሩ በብዙ ቀን መንገድ ርቆ ከምሥራቅ ተራሮች በስተጀርባ ይገኛል። ነገር ግን በዚያ አገር ያለ የቅኔ ተማሪ ፊደል ከለየ ጀምሮ መርከብን በአፉ ይጠራል። ቤተ ክርስቲያን መርከብ ናት፤ እመቤታችን የኖኅ መርከብ ናት፤ መስቀል ደቀል ነው፤ ዓለም ማዕበል ነው፤ ጌታ ሐዳፊ ነው። ከላስታም ከዋድላም ከጎጃምም የመጣ ተማሪ እንዲሁ ይላል። መምህሩም መርከብ አላየምና ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። የቤቱ ልክ ከሞላ፥ ግሡም ከገጠመ፥ ቅኔው ይመረቅለታል።

ስሕተቱ የት እንዳለ ለማወቅ እነዚህን ቅኔዎች ከዚህም ከዚያም ሰብስቦ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይበቃል፤ በዚህ መርከብ ላይ ሥራ የሚሠራ ማን ነው? መልሱ ብዙውን ጊዜ ማንም ነው። መርከቡ ቆሞአል፥ ወይም ራሱን በራሱ ይሄዳል። ገመድ የሚስብ፥ ውኃ የሚቀዳ፥ ሌሊት የሚነቃ፥ ሆዱ የሚታወክበት ሰው የለም። የሚታየው ገብቶ መዳን ብቻ ነው። ለዚህም ምክንያቱ የሰሙ ምንጭ አንዱ የኖኅ መርከብ ብቻ መሆኑ ነው። ኦሪት የዚያን መርከብ ርዝመቱን 300፥ ወርዱን 50፥ ቁመቱን 30 ክንድ አድርጎ ይነግረናል፤ ሦስት ደርብ እንዳለውም፥ በቅጥራን እንደ ተለቀለቀም ይናገራል። ሸራና መቅዘፊያ፥ ደቀልና መልሕቅ ግን አይጠራም። አስፈላጊም አልነበረም፤ ያ መርከብ ወደ አንድ ስፍራ ለመድረስ የተሠራ አይደለምና። ስለዚህ ባለቅኔው መርከብን ከኖኅ ብቻ ሲወስድ፥ ሳያውቀው የማይጓዝ መርከብ ወስዶአል።

ጉድለቱ የግእዝ አይደለም። ግእዝ የባሕር ሰው ቋንቋ ነበረ። ሐመር፥ ደቀል፥ መልሕቅ፥ ሐዳፊ፥ ኖትያዊ የሚሉት ቃላት ሥራውን በሚያውቁ ሰዎች አፍ የኖሩ ናቸው። በዐፄ ካሌብ ዘመን፥ በ525 ዓመተ ምሕረት ግድም በአውሮፓ አቈጣጠር፥ የአክሱም ሠራዊት ከአዱሊስ አጠገብ ተሳፍሮ ወደ ሕምያር ተሻግሮአል። የግሪኩ ታሪክ ጸሓፊ ፕሮኮፒዮስ በዚያ ባሕር የሚመላለሱት መርከቦች በምስማር ያልተመቱ፥ በቅጥራን ያልተቀቡ፥ በገመድ የተሰፉ መሆናቸውን ጽፎአል። በገመድ የተሰፋ መርከብ! ለቅኔ ይህን የሚያህል ሰም ከየት ይገኛል? ነገር ግን በዚህ የተመሰለ ቅኔ ብርቅ ነው። የባሕሩ ዳር ከእጅ ከወጣ በኋላ ቃላቱ ብቻ ወደ ደጋ ወጡ፤ ውስጣቸው ባዶ እንደ ሆነ ቀንድ አውጣ ቅርፊትም ሆኑ።

የአባ ሰላማ ታሪክም እንዲሁ በግማሹ ብቻ ይነገራል። ሩፊኖስ እንደ ጻፈው ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ ወደዚህ አገር የደረሱት ልጆች ሳሉ ነው፤ የጢሮስ ሰው ሜሮጵዮስ አገር እያሳየ ሊያስተምራቸው በመርከብ ይዞአቸው ወጣ። መርከቢቱ ውኃ ለመቅዳት ወደ ወደብ በጠጋች ጊዜ ሌሎቹ ተገደሉ፤ ሁለቱ ልጆች ግን ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙ። እንግዲህ ከሣቴ ብርሃን ብለን የምናከብረው አባት ትምህርቱን በመርከብ ላይ የጀመረ ልጅ ነበረ። ስለ ዛፉ የተቀኘ ሊቅ ይኖራል፤ ስለ መርከቢቱ ግን ማን ተቀኘ?

ከመጻሕፍት ወገን እውነተኛ መርከብ የሚፈልግ ሰው ከግብረ ሐዋርያት 27ኛውን ምዕራፍ ያንብብ። ቅዱስ ሉቃስ በዚያ እንደ ምእመን ብቻ አልጻፈም፤ በመርከቡ ላይ እንደ ነበረ ሰው ጽፎአል። ነፋሱን በስሙ ይጠራዋል። መርከቡ እንዳይከፈት በገመድ ከሥር መታጠቁን፥ በሦስተኛው ቀን የመርከቡ ዕቃ መጣሉን፥ የባሕሩን ጥልቀት ሲለኩ በመጀመሪያ 20፥ ጥቂት እልፍ ብለው 15 ማግኘታቸውን፥ ከዐለት እንዳይወድቁ ፈርተው ከኋላ በኩል 4 መልሕቅ መጣላቸውን ያመለክታል። መርከበኞቹ መልሕቅ የሚጥሉ መስለው በታናሿ ጀልባ ሊሸሹ ሲሉ፥ ወታደሮቹ ገመዷን ቈርጠው መልቀቃቸውንም አልተወም። በመርከቡ ላይ የነበሩት 276 ነፍስ ናቸው። በልተው ከጠገቡ በኋላ መርከቡን ለማቅለል ስንዴውን ወደ ባሕር ጣሉት። ልብ አድርጎ ላነበበው ተአምሩ በዚህ ሁሉ ሥራ መካከል ይታያል እንጂ ከሥራው ተነጥሎ አይታይም። እንዲህ ያለ ሰም በእጃችን ሳለ የኖኅን ብቻ መመላለስ ስንፍና ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እነሆ በዘመናችን የቅዱስ ሉቃስን ምዕራፍ በዐይን ማየት የሚቻልበት ስፍራ አለ። አንዳንድ የአውሮፓና የሌሎች አገሮች መንግሥታትና ማኅበራት፥ ሞተር ከመጣ በኋላ እንኳ፥ ወጣቶችን በባለ ሸራ መርከብ ያስተምራሉ። የኢጣልያዋ አሜሪጎ ቬስፑቺ በ1931፥ የዴንማርኳ ዳንማርክ በ1933፥ የኖርዌይዋ ክርስቲያን ራዲክ በ1937፥ የጀርመኗ ጎርክ ፎክ በ1958 በአውሮፓ አቈጣጠር ተሠርተዋል። በ1956 በዚያው አቈጣጠር እንዲህ ያሉ መርከቦች ከእንግሊዝ ጠረፍ እስከ ሊዝቦን ድረስ ወጣቶችን ጭነው ተሽቀዳድመዋል፤ ከዚያም ወዲህ ልማድ ሆነ። ንግዱ ሁሉ በሞተር ሲሄድ ሸራ ለምን? ብሎ የሚጠይቅ አለ። መልሳቸው አጭር ነው፤ ሸራ በአንድ ሰው እጅ አይነሣም።

ባለቅኔ ሊያውቀው የሚገባው የዚያ መርከብ የቀን ውሎ ነው። ሌሊትና መዓልት 24 ሰዓት በአራት አራት ሰዓት ሲከፈል 6 ተራ ጥበቃ ይሆናል። በየግማሽ ሰዓቱ ደወል ይመታል፤ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት አንድ፥ በሁለተኛው ሁለት እያለ ተራው ሲፈጸም ስምንት ይደርሳል። በስምንተኛው ደወል የተኛው ይነሣል፥ የነቃው ይተኛል። ነገር ግን ሠራተኛው በሁለት ወገን የተከፈለ እንደ ሆነ፥ 6 ለሁለት የሚገባ ቍጥር ነውና፥ ዛሬ እኩለ ሌሊት የደረሰው ወገን ነገም ከነገ ወዲያም እኩለ ሌሊት ይደርሰዋል። ይህ ግፍ እንዳይሆን የጥንት መርከበኞች ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ያለውን አንዱን ተራ ከሁለት ከፍለው ሁለት ሁለት ሰዓት አደረጉት። ተራው 7 ሆነ፤ 7 ጎዶሎ ስለ ሆነ የሌሊቱ ድካም በየቀኑ ከወገን ወደ ወገን ይዛወራል። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው የዚህን አቈጣጠር ጣዕም ያውቀዋል። ጾምና በዓልን በየዓመቱ የሚያዛውር ሐሳብ በዚያ ድካምን በየሌሊቱ ሲያዛውር ይታያል። ይህን ብቻ ሰም ያደረገ መወድስ ቢገኝ ስምንቱ ቤት አይበቃውም ነበር።

ሲነጋ ልጆቹ መኝታቸውን፥ ይኸውም በሁለት ጫፍ የተሰቀለውን ሸራ፥ ጠቅልለው ያኖራሉ። ከዚያም የመርከቡን ወለል በባሕር ውኃና በብሩሽ ይፈትጋሉ። ትላንትም ተፈትጎ ነበር፤ ነገም ይፈተጋል። አንዱ ወገን ወጥ ቤቱን ያግዛል፤ አንዱ ናስ ይወለውላል፤ አንዱ በመሪው ዘንድ ይቆማል፤ አንዱ ከፊት ሆኖ ባሕሩን ይጠብቃል። በመጀመሪያው ሳምንት ብዙዎቹ ይታመማሉ፤ የበሉት አይረጋላቸውም፤ ሕመም ግን ከተራ አያስቀርም።

ገመዱ ሌላ ትምህርት ነው። በሦስት ደቀል በቆመ መርከብ ላይ ከመቶ የሚበልጥ ገመድ ይወርዳል፤ እያንዳንዱም የራሱ ስም፥ የራሱ ማሰሪያ ችንካርና የራሱ ሥራ አለው። አንዱን በሌላው ፈንታ የፈታ ልጅ በላዩ ያለውን ጓደኛውን ሊጥል ይችላል። ስለዚህ ልጆቹ ገመዱን በቀን በዐይናቸው፥ በሌሊት በእጃቸው ያጠናሉ፤ ዐይን ጨፍነው ስም የተጠራበትን ገመድ እንዲይዙ ይፈተናሉ። ዐይነ ስውር ሆነው ጉባኤ የዘረጉትን የቅኔ መምህራን ያየ ሰው ይህን አያደንቅም፤ እውቀት ወደ ጣት እስኪወርድ ድረስ መጠናት እንዳለበት ያውቃልና።

ከሁሉ የሚበልጠው መውጣቱ ነው። ደቀሉ ከ30 ሜትር በላይ ይቆማል፤ በእርሱ ላይ አግድም የተጋደሙ እንጨቶች ሸራውን ይሸከማሉ። ሸራ የሚጠቀለል እንደ ሆነ ልጆቹ በገመድ መሰላል ወጥተው በአግድሙ እንጨት ላይ በሆዳቸው ይተኛሉ፤ እግራቸው የቆመው ከበታቹ በተንጠለጠለ አንድ ገመድ ላይ ነው። አንዱ ገመዱን ሲረግጥ የሌላው እግር ከፍ ይላል፤ ስለዚህ አዲስ የሚገባው ሰው መግባቱን አስቀድሞ በቃል ማስታወቅ ግዴታው ነው። እጅን በተመለከተም የቆየ ሕግ አላቸው፤ አንዱ እጅ የመርከቡ፥ አንዱ እጅ የራስ ይሁን ይላሉ። ሁለቱን እጅ ለራሱ ያደረገ ሥራ አይሠራም፤ ሁለቱን ለመርከቡ የሰጠ ይወድቃል። ይህን ሕግ ለሚያመሰጥር ሰው ወርቁ ሩቅ አይደለም፤ ፈትቶ ማቅረብ ግን የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለምና ለባለቅኔው ይቆየው።

የመርከቡን ልጅ ከቆሎ ተማሪ ጋር የሚያመሳስሉ ይኖራሉ፤ ምስያውም በከፊል ይሠራል። ሁለቱም ከእናት ቤት ወጥተዋል፤ ሁለቱም ያገኙትን ይበላሉ፤ ሁለቱም በሌሊት ይነሣሉ። ልዩነቱ ግን አይዘንጋ። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን የሚቈጥረው ብቻውን፥ ከሰው ርቆ፥ በዛፍ ሥር ወይም በገደል አፋፍ ነው፤ ቢሳሳት የሚያፍረው እርሱ ነው። የመርከብ ልጅ ብቻውን የሚሆንበት ስፍራ የለውም፤ ቢሳሳትም ሌላ ሰው ይሞታል። መምህሩ የከፋበት የቅኔ ተማሪ ለምዱን ለብሶ ወደ ሌላ ጉባኤ ይሄዳል፤ ከባሕር መካከል ግን ወዴት ይኬዳል? በዚህ ምክንያት መርከብን ለትምህርት ቤት ሰም የሚያደርግ ሰው ይህን መውጫ ማጣት ካልጨመረበት ሰሙ ቀዳዳ ነው።

ከውጭ አገር ጸሓፍያን ይህን ኑሮ ኖረው የጻፉ አሉ። አሜሪካዊው ዴና በሃርቫርድ ሲማር በኩፍኝ ሕመም ዐይኑ ደከመ፤ መጽሐፍ ማንበብ ቢሳነው በ1834 በአውሮፓ አቈጣጠር ፒልግሪም በምትባል መርከብ ተራ መርከበኛ ሆኖ ገባ። በ1840 ያወጣው መጽሐፍ ሁለት ዓመት ከደቀሉ ፊት የሚል ስም አለው፤ ተራ መርከበኞች የሚያድሩት ከፊት በኩል ነውና። ዴና የገመዱን ስም ሳይተረጕም ይጽፋል፤ አንባቢው ግን ይከተለዋል፤ ስሙን ባያውቅም እጁ ሲሠራ ያያልና። መርከበኞች በአለቃቸው ሲገረፉ ያየውን ሲጽፍ ቃሉን አያስጌጥም። በኋላ ጠበቃ ሆኖ ለመርከበኞች መብት ተሟግቶአል። እንግሊዛዊው ኒውቢ ደግሞ በ1938 በዚያው አቈጣጠር፥ በ18 ዓመቱ፥ ሞሹሉ በምትባል ባለ አራት ደቀል መርከብ ገባ፤ ከአውስትራልያ እህል ጭነው በ91 ቀን ተመለሱ። የመርከቢቱ ባለቤት የኦላንድ ደሴት ሰው ስለ ነበረ ትእዛዙ ሁሉ በስዊድን ቋንቋ ነበረ፤ ልጁም ገመዱን ከማወቁ በፊት ቋንቋውን መማር አስፈለገው። ኒውቢ ቀልደኛ ነው፤ ቀልዱ አንዳንድ ጊዜ ፍርሃቱን ይሸፍንበታል። ስለዚህ በእውነተኛነት ዴና ይበልጣል፤ ለማንበብ ግን ኒውቢ ይጥማል። ሁለቱም መርከብን አላመሰገኑም፤ ሠርተውበታል። የደጋው ቅኔ የጎደለው ይህ ነው።

ሰሙ እውነተኛ በሆነ ጊዜ ሞትም በውስጡ ይገባል። ፓሚር የምትባል የጀርመን ማስተማሪያ መርከብ ከቦነስ አይረስ ገብስ ጭና ስትመለስ፥ መስከረም 11 ቀን 1950 ዓመተ ምሕረት ከአዞረስ ደሴቶች ወዲያ በዐውሎ ነፋስ ሰጠመች። በላይዋ ከነበሩት 86 ሰዎች የዳኑት 6 ብቻ ናቸው፤ ከሞቱት የሚበልጡት ለትምህርት የገቡ ወጣቶች ነበሩ። ገብሱ በብዛት በጆንያ ሳይሆን እንዲሁ የተገለበጠ ነበረ፤ መርከቢቱ በነፋስ በተጋደመች ጊዜ እንደ ውኃ ወደ አንድ ወገን መንሸራተቱ ለመስጠሟ ከተቈጠሩት ምክንያቶች አንዱ ነው። የዋግ ገበሬ ገብስን ያውቃል። በጎተራ ሲፈስስ ድምፁን፥ እጁን ሲያገባበት መንሸራተቱን ያውቃል። የሚያኖር እህል እንዴት እንደሚያሰጥም ለእርሱ ማስረዳት አያስፈልግም። በቅዱስ ጳውሎስ መርከብ ስንዴው ወደ ባሕር ተጣለ፥ ሰዎቹም ዳኑ፤ በፓሚር ገብሱ በውስጥ ቀረ። ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ባለቅኔ ሁለቱን እህል አንድ ላይ ቢያይ የደቀሉንና የመስቀሉን ምስያ መመላለስ ይተው ይሆናል።

የዚህ አገር ልጆችም በመርከብ ተምረዋል። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በምጽዋ በተቋቋመ ጊዜ የኖርዌይ መኰንኖች ከአስተማሪዎቹ መካከል ነበሩ። በጥር 1954 ዓመተ ምሕረት ከአሜሪካ የመጣች መርከብ ኢትዮጵያ ተብላ ተሰየመች፤ የባሕር ኃይል ዕጩ መኰንኖችም በእርሷ ሠለጠኑ። ባለ ሞተር እንጂ ባለ ሸራ አልነበረችም፤ ደወሉና ተራው ጥበቃ ግን ያው ነው። ባሕር አይተው የማያውቁ የደጋ ልጆች በዚያ ወለል ቆመው ሌሊቱን በአራት አራት ሰዓት ቈጥረውታል። መርከቢቱ በ1983 ዓመተ ምሕረት ወደ የመን ሸሸች፤ በኋላም በዚያ ለብረት ተሸጠች። ካሌብ በድል በተሻገረበት ባሕር ማዶ፥ ኢትዮጵያ የሚል ስም የተጻፈባት መርከብ በቍርጥራጭ ዋጋ ተመዘነች። ይህ በራሱ ሰም ሆኖ ሳለ በቅኔ ጉባኤ ሲነሣ አይሰማም፤ ዐውደ ምሕረቱ ዛሬም ስለ ኖኅ ይቀኛል። ከዚያ ወዲህ ባሕር ኃይሉ እንደ ገና እንዲቋቋም ተወስኖ በመጋቢት 2011 ዓመተ ምሕረት ከፈረንሣይ ጋር ስምምነት ተፈርሞአል፤ በቢሾፍቱም በባቦጋያ ሐይቅ አጠገብ ወጣቶች ለንግድ መርከብ ሥራ ሠልጥነዋል። ባሕር የሌለው አገር ልጆች የሰው መርከብ ሊያንቀሳቅሱ ይወጣሉ።

ለአበርገሌ ተማሪ ግን ይህን ያህል መራቅ አያስፈልገውም። 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ሥራ በ2001 ዓመተ ምሕረት ካለቀ ወዲህ፥ በክረምት ብቻ ያስፈራ የነበረው ወንዝ ወደ ኋላ ተኝቶ ሐይቅ ሆኖአል፤ ውኃውም እስከ ዋግ ቆላ ደርሶአል። ፍየል ሲጠብቁ ያደጉ ወጣቶች በማኅበር ሆነው በጀልባ መረብ መጣል ጀመሩ። መረቡ ማታ ይጣላል፥ ጧት ይሰበሰባል፤ በመካከሉ ነፋስ ይነሣል፤ ጀልባዋን የሚጠብቅና ዓሣውን የሚያጸዳ በተራ ይለያል። የጀልባዋን ፊትና ኋላ፥ የመረቡን ክብደትና ተንሳፋፊ፥ በሐይቁ ላይ ድንገት የሚነሣውን ነፋስ እነዚህ ልጆች የሚጠሩበት ቃል አላቸው፤ አንዳንዱ በአማርኛ፥ አንዳንዱ በኽምጣንጋ ነው። የቅኔ ተማሪው አንድ ቀን ቍራሽ ልመናውን በዚያ ዳር አድርጎ፥ ማታ መረብ ሲጣል ቢጠብቅ፥ ከጀልባዋም በአንዱ ጫፍ ቢቀመጥ፥ የሚጠይቀው ብዙ ነው።